ሁለት ቆጣሪ በአንድ ወፍጮ ቤት

ጠይባ ስሟ ከፎርም ላይ ሲቀር የሰማችው ጓሮ ቆማ ጥርሷን እየቦረሸች ነው። የሳሎኑ መስኮት ከቧንቧው በላይ ነው፤ ሐጂ አሕመድኑር ደግሞ ሠላሳ ዓመት ከወፍጮ ጋር በድምፅ ሲፎካከሩ የኖሩ ሰው ናቸውና ሲያንሾካሹኩ እንኳ ጎረቤት ይሰማል። «የሷን ስም ተወው» ይሉታል ልጃቸውን ሙሐሲንን። «ሴት ልጅ ናት፣ ነገ ታገባለች። ስሟ ከተጻፈ መንግሥት የሚሰጠን የሥራ ሼድም ተከትሏት ባሏ ቤት ይሄዳል። ክፋት እንዳይመስልህ፤ ወላሂ፣ ንብረት መጠበቅ ነው።» ሙሐሲን የሆነ ነገር አጉረመረመ። ግማሹን የሠራችው እሷ ናት ያለ መሰላት። «ታዲያ ማን አልሠራችም አለ? ስሟን በልብህ ያዘው!» አሉና ሐጂ ወሬውን ዘጉት። ጠይባ አፏ አረፋ ሞልቶ ቆመች። ብትተፋው መስማቷ ሊታወቅ ነው፤ እንዳትይዘው ደግሞ ያቃጥላል። ወዲያ ወዲህ አየችና የጥርስ ሳሙናውን ዋጠችው።

ቁርስ ላይ ማንም ማንንም ቀና ብሎ አላየም። የሐጂ ቤት መካነ ሰላም ውስጥ ካሉት ቤቶች ሰፊ ከሚባሉት ነው። ሳሎኑ ውስጥ መብራት ከፍ ዝቅ ሲል ሞተሩ የተቃጠለ ፍሪጅ አለ፤ አሁን የብርጭቆ መደርደሪያ ሆኗል። ከሻርጃ የመጣ ባለ ነብር ብርድ ልብስ ከነፕላስቲኩ ሶፋው ላይ ተቀምጧል፤ ሰው ሲቀመጥበት ይንኮሻኮሻል። ፍሪጁንም ብርድ ልብሱንም የላከችው የጠይባ እናት ኡምኩልሱም ናት፤ የሐጂ ታናሽ እህት። ሻርጃ ሰው ቤት ስትሠራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጠይባም ያን ያህል ዓመት አጎቷ ቤት፣ ከጆንያና ከቴሌቪዥን ካርቶን ጋር በምትጋራው ክፍል ኖራለች። ዛሬ ሁሉም በዝምታ ዳቦውን ይነክራል። ሐጂ ሻዩን ያማስላሉ፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል፣ ማማሰሉን ግን አላቆሙም። ሙሐሲን የዳቦ ፍርፋሪ በጣቱ ጫፍ እያነሳ ይደረድራል። ሚስታቸው እትዬ ኡሙልኸይር ብቻ ሸማቾች ማኅበር ስኳር መጣ ተብላ አራት ሰዓት ሙሉ ተሰልፋ ሁለት ኪሎ ይዛ የተመለሰችበትን ታሪክ ለሦስተኛ ጊዜ ጀመረች፤ ነጋዴው ጋ በኪሎ አሥር ብር ጨምሯል። «ምነው ቤቱ ዝም አለ? ጅን ገባበት እንዴ?» አለች። «ወፍጮ ቤት እንሂድ፣ ገበያ ነው» አሉ ሐጂና ጫማቸውን ፍለጋ ተነሱ።

የዛሬው ቀን ተራ ቀን አይደለም። ከጥቃቅንና አነስተኛ ጽሕፈት ቤት ወይዘሮ ብርሀንነሽ የሚባሉ ባለሙያ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መጥተው የልጆቹን ሥራ በዓይናቸው ሊያዩ ነው። ካመኑበት ፎርሙን ይቀበላሉ፣ ፎርሙ ላይ ስማቸው የሰፈረ ወጣቶች ደግሞ መናኸሪያው አጠገብ ከተሠሩት አዳዲስ ሼዶች አንዱ ይደርሳቸዋል። ጠይባና ሙሐሲን ከተለያየ ዩኒቨርሲቲ ግን በአንድ ሰኔ፣ በ2005፣ በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቀው መጥተዋል። ከዚያ ወዲህ ሙሐሲን ስልክ ይጠግናል፣ ጠይባ ስልክ ሲጠግን ቁጭ ብላ ስህተቱን ትነግረዋለች። ሥራ የተባለውን ያገኙት ከዚያው ከአጎቷ ወፍጮ ቤት ነው።

ወፍጮ ቤቱ ሁለት ወፍጮ አለው፤ አንዱ ጤፍ ብቻ፣ አንዱ ገብስና ስንዴ ይፈጫል። ኪሎውን በብር ከሃምሳ ነው። በገበያ ቀን ከየአቅጣጫው አህያ ተጭኖ ሲመጣ ተራ የሚባል ነገር ይጠፋል። እኔ ቀድሜ፣ የለም እኔ፣ ጆንያዬን ማን ገፋው እየተባለ ጥቢ ላይ የአንዷ ሴትዮ ግማሽ ኩንታል ጤፍ መሬት ፈሶ ዶሮ ሲለቅመው ውሏል። ሁለቱ የአክስትና የአጎት ልጆች ታዲያ ተራ የሚጠራ ሰሌዳ ሠሩ። ከየወፍጮው በላይ ቀይ ቁጥር የሚያበራ ሳጥን ተሰቀለ። የሚመጣ ሰው ሁሉ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ይይዛል፤ ለጤፍ ከአንድ እስከ ስልሳ፣ ለገብስ ከአንድ እስከ ሃያ። ወፍጮኛው ታደለ አንዱን ጨርሶ ቁልፍ ሲጫን ቁጥሩ በአንድ ይጨምራል። ካርዱ ሲያልቅ ወደ አንድ ይመለሳል፤ የተመለሱት ካርዶች ለአዲስ ሰው እንደገና ይታደላሉ። የጤፉን የጻፈችው ጠይባ ናት፣ የገብሱን ሙሐሲን።

የሁሉም ራስ ከመዳፍ ሰፋ ያለ አረንጓዴ ቦርድ ነው። የኡምኩልሱም አሠሪዎች ልጅ ኮሌጅ ጨርሶ ሊጥለው ሲል ለምና ወስዳ በአንሶላ ጠቅልላ የላከችው ነው። ልጇ የምትማረው ኤሌክትሪክ መሆኑን ታውቃለች፣ ዕቃውም ኤሌክትሪክ ይመስላል፤ ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። ቦርዱ መሐል ላይ ያለችው ጥቁር ቺፕ እንደ ሌሎቹ ቺፖች ተሠርታ ያለቀች አይደለችም። ምን መሆን እንዳለባት ኮምፒውተር ላይ ጽፈው ይጭኑባታል፣ እሷም ውስጧን በተጻፈላት መንገድ ታገጣጥማለች። ቆጣሪ ሁኚ ሲሏት ቆጣሪ፣ ሰዓት ሁኚ ሲሏት ሰዓት። ለወፍጮ ተራ ይህን ያህል ዕቃ አያስፈልግም ነበር፤ ለዝንብ መድፍ መተኮስ ነው። ግን ያላቸው እሱ ነው። ሁለቱ ክፍላቸውን ለየብቻ ጽፈው፣ ለየብቻ ሞክረው፣ ትናንት ማታ በሙሐሲን ላፕቶፕ ላይ አንድ አደረጉት። እስከ ስድስት ቆጠሩበት፣ ሠራ፣ ተኙ።

ዛሬ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ሰሌዳው ሰውን ሲያስደምም ቆየ። አንዲት ሴትዮ እንዲያውም ቁጥሯ ሲበራ እልል ብላለች። ታደለ ቅንድቡ በዱቄት ነጥቶ በኩራት ቁልፉን ይጫናል። ከዚያ የጤፉ ቁጥር ሃያ ደረሰ። ታደለ ተጫነ። ሃያ አንድ መሆን ሲገባው አንድ አለ። ሃያ አንድ ቁጥርን የያዘችው እትዬ አሰጋሽ ነበረች፤ ጠላ ሻጭ ናት፣ ምላሷ ከወፍጮው ይበልጥ ይፈጫል። አንድ ቁጥርን ደግሞ አሁን ከደጅ የገባ ከወግዲ የመጣ ጎረምሳ ይዞታል፤ ጧት ሰው መልሶት የሄደውን ካርድ ነው የሰጡት። ጎረምሳው ቀና ብሎ አየ፣ ካርዱን አየ፣ «አልሐምዱ ሊላህ» ብሎ ጆንያውን አነሳ።

«ወዴት ወዴት!» አለች አሰጋሽ። «እኔ ከንጋት አሥራ ሁለት ጀምሮ ቆሜ አንተ ኮቴህ ሳይቀዘቅዝ!»

«እኔ ምን ላድርግ እናቴ? መብራቱ ነው የጠራኝ።»

«መብራቱማ ያበደ ነው! ሐጂ! ኧረ ሐጂ! ይሄ ቆጣሪ እንደ መብራት ኃይል ቆጣሪ በራሱ የሚሮጥ ነው እንዴ?»

ሰው ሳቀ። ከዚያ ሃያ ሁለትና ሃያ ሦስት የያዙት መሳቃቸውን ትተው ከአሰጋሽ ጎን ተሰለፉ፤ ከጎረምሳው በኩል ሁለትና ሦስት የያዙት ቆሙ። አንዱ ጆንያ አንዱን ገፋ። ሐጂ መሐል ገብተው «ያ ጀመዓ! ያ ጀመዓ!» እያሉ እጃቸውን ዘረጉ፣ ነጭ ጀለቢያቸው ሁለት መዳፍ ዱቄት ታተመበት። ሙሐሲን ሰሌዳውን በጡጫ መታ መታ አደረገው፤ ከስልክ ጥገና ያመጣው ልምድ ነው። ጠይባ ግን ቁጥሩን አፍጥጣ አየችው። ሃያ። ለምን ሃያ? ሃያ የሷ ቁጥር አይደለም፤ የገብሱ ነው። «አያ ታደለ፣ ለጊዜው በአፍ ጥራቸው» ብላ የራሷን ላፕቶፕ ይዛ ወደ ሚዛን ክፍሉ ገባች።

የሚዛን ክፍሉ ሁለት ሰው የማያዞር ነው። ወፍጮው በዞረ ቁጥር ግድግዳው ይርገበገባል፣ ከጣሪያው ዱቄት እንደ ካፊያ ይወርዳል። ላፕቶፑን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ ትናንት የተሠራውን ከሙሐሲን ፍላሽ ላይ ገልብጣ ከፈተች፣ ፕሮግራሙ ሲያገጣጥም የጻፈውን ዝርዝር አወጣች። አንድ መቶ ሠላሳ ስድስት ቢጫ ማስጠንቀቂያ አለው። ቢጫውን የሚያነብ ሰው የለም፤ ሁሉም ቀዩን ብቻ ነው የሚፈራው። እሷ ግን ከላይ ጀምራ አነበበች፣ ሰባ አራተኛዋ ላይ ቆመች። «ቆጣሪ የሚባል ክፍል አስቀድሞ ነበር፤ በአዲሱ ተተክቷል» ትላለች ማስጠንቀቂያዋ፣ ትሑት ሆና፣ ማንንም ሳታስቸግር።

ነገሩ ወዲያው ገባት። የሚጻፍ ክፍል ሁሉ የት ይግባ ካልተባለ በቀር «ወርክ» የሚሉት አንድ የጋራ ላይብረሪ ውስጥ ይከማቻል። ላይብረሪ ይባል እንጂ መጽሐፍ የለበትም፤ የክፍሎች ግምጃ ቤት ነው። እዚያ ውስጥ በአንድ ስም ሁለት ነገር አይቀመጥም። እሷ የጤፉን «ቆጣሪ» ብላዋለች፣ ሙሐሲን የገብሱን «ቆጣሪ» ብሎታል፤ ለየብቻ በነበሩ ጊዜ ማንም ማንንም አልነካም። ትናንት አንድ ቤት ሲገቡ ኋላ የገባው የሙሐሲን ነውና የሷን አስወጥቶ ተቀመጠ። ጤፉም ገብሱም በሙሐሲን ቆጣሪ፣ እስከ ሃያ ብቻ ሲቆጠሩ ነው ያረፈዱት። የሷ ሥራ አልተበላሸም፣ አልተሰረዘም፤ ሲጠራ ሌላ አቤት ይላል እንጂ። ጠይባ ወደ ኋላዋ ተደግፋ ጣሪያውን አየች።

አጭሩ መፍትሔ ስም መቀየር ነው። የሷን «የጤፍ ቆጣሪ» ብትለው ያልቃል። ግን ወረድ ብላ ስታይ ሙሐሲንም እሷም «ሰዓት» የሚባል አላቸው፤ «ቁልፍ» የሚባልም አላቸው፤ የአንድ ቤት ልጆች ናቸውና ስም ሲያወጡም አንድ ዓይነት ነው። ዛሬ አንዱን ብትቀይር ነገ ሌላው ይጋጫል። ደህናው መንገድ ለየአንዳንዳቸው የየራሳቸውን ላይብረሪ ከፍቶ፣ የሷን ከሷ፣ የሱን ከሱ አስገብቶ፣ ዋናው ፋይል ላይ ከነላይብረሪው ሙሉ ስም መጥራት ነው። የእከሌ ቆጣሪ ሲባል ማን እንደ ተጠራ ይታወቃል። ለሱ ከፈተችለትና «ሙሐሲን» አለችው። ለራሷ «ጤፍ» ብላ ልትጽፍ ጀመረች። ጤፍ ደህና ስም ነው፣ ትርጉሙም ግልጽ ነው። ጣቷ ቁልፉ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ አጠፋችውና «ጠይባ» ብላ ጻፈች።

ማገጣጠሙ ሃያ ደቂቃ ወሰደ። ቢጫዎቹን እንደገና አነበበች፤ የተተካ የለም። ቺፑ ላይ ጭና ወጣች፤ ታደለ ደጋግሞ ተጫነ፣ ሃያ፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት። አሰጋሽ ጤፏን አስፈጭታ ጨርሳ እንኳ ሃያ አንድ በትክክል መኖሩን ለማየት ቆማ ነበር። «አሁን ሰው ሆነ» አለችው ሰሌዳውን።

ሙሐሲን የራሱን ላፕቶፕ አቅፎ መጣ። ፊቱ ላይ እፍረት የመሰለ ነገር አለ፤ የቁጥሩ ይሁን የፎርሙ አልለየችውም። «ስጪኝ እስኪ የቀየርሽውን። ሴትዮዋ ሲመጡ እኔ ነኝ የማስረዳው፣ አባባ ብሏል።»

ፍላሹን ሰጠችው። «የስም ግጭት ነው የነበረው። የኔን ክፍል ለብቻው ላይብረሪ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ዋናውን ፋይል ብቻ አይደለም፣ ፎልደሩንም ገልብጥ።»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። እኔም እኮ ተምሬዋለሁ።»

ስክሪኑ ላይ ዓይኗን ጥላ አየችው። ዋናውን ፋይልና በራሱ ስም የተከፈተውን ላይብረሪ ጎተተ፣ ገለበጠ፣ ፍላሹን ነቀለ። የሷን ፎልደር አልነካውም። ጠይባ አፏን ከፈተች። አንድ ጊዜ ነግራዋለች፤ በሸሪዓውም በምህንድስናውም አንድ ጊዜ መናገር ይበቃል። መልሳ ዘጋችው።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ እትዬ ኡሙልኸይር ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ብቅ አለች። ለእንግዳዋ ዶሮ ታርዷል፤ የዶሮው ዋጋ ዘንድሮ ሰው ያስለቅሳል፤ ሳህን ግን አልበቃም። «ጠይባዬ፣ የሻለም ጋ ሄደሽ ስድስት ሳህን አምጪልኝ። አበባ ያለበትን በይያት። አትቸኩይ ደግሞ» አለች። አትቸኩይ ያለችው ወደ ሐጂ እያየች ነው። ሐጂ ዱቄታቸውን ያራግፋሉ። ጠይባ ገባት፤ ሴትዮዋ ሲመጡ እሷ ባትኖር ይሻላል ተብሏል። «እሺ» ብላ ሄደች።

የሻለም ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ ሦስት ቤት አልፎ ነው የምትኖረው። ሳህኖቹን ከቁም ሳጥን እያወጣች፣ አንድ በአንድ እየጠረገች፣ ዕድሜ ልኳን ክፍል ውስጥ ስትናገር የኖረች ሰው እንደምታወራው አወራቻት። ሽንኩርት ጨመረ፤ የደጎሎ መንገድ ዘንድሮም አልተጠገነ፤ እናትሽ መች ልትመጣ ነው። «ለረመዳን ኢንሻአላህ» አለች ጠይባ፤ ዘጠኝ ዓመት ያለችውን። የሻለምም «ኢንሻአላህ» አለች፤ ማተቧ አንገቷ ላይ እያለ። ከዚያ ቀና ብላ አየቻትና «ዛሬ እንግዳ ይመጣል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አንቺ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?» አለቻት። ጠይባ ሳህኖቹን አቅፋ ወጣች፤ እንዳትቸኩል የተባለችውንም ረስታ ቸኮለች።

ወፍጮ ቤቱ ስትደርስ ሁለቱም ወፍጮ ቆሟል፤ ጸጥታው ለጆሮ እንግዳ ነው። ተራ ጠባቂው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ወደ ሚዛን ክፍሉ ያያል። ወይዘሮ ብርሀንነሽ ወንበር ተሰጥቷቸው ተቀምጠዋል፤ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፣ ጭናቸው ላይ ሰማያዊ ፋይል አለ። ሙሐሲን ሰሌዳውን አስረድቷቸው ደስ ብሏቸዋል። አንድ ነገር ብቻ ጠይቀዋል። ለገብስ ሃያ ካርድ አይበቃም፣ ሠላሳ አድርገው፣ ስትሠራው ልየው። ሙሐሲንም «ይሄማ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው» ብሎ ሃያውን ሠላሳ አድርጎ ጻፈና አገጣጥም አለው። አሁን ስክሪኑን ትክ ብሎ እያየ ነው፤ ጆሮው ቀልቷል። ይህኛው ቢጫ አይደለም፣ ቀይ ነው።

ወይዘሮ ብርሀንነሽ መነጽራቸውን አደረጉ። በሃያ ዓመት የቢሮ ሥራ ፊታቸው የቀረበ ጽሑፍ ሳያነቡ ማሳለፍ አይችሉም። ጠጋ ብለው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። «‹ጠይባ› አልተገኘችም ነው የሚለው።» ቀና አሉ። «ጠይባ ማን ናት?»

«ላይብረሪ ናት» አለ ሙሐሲን።

«ላይብረሪ? የከተማው ላይብረሪ?»

«አይ፣ እዚህ ውስጥ ያለች…»

«ታዲያ ከሌለች ምን ይሆናል?»

«አይሠራም» አለ።

ሐጂ አሕመድኑር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የእህቴ ልጅ ናት» አሉ፤ ከዚያ ይህ ብቻውን ነገሩን ይበልጥ እንዳወሳሰበው ገብቷቸው ቆባቸውን አስተካከሉ። «ማለት፣ ሰውም አለች በዚህ ስም።»

ይህን ጊዜ እትዬ አሰጋሽ፣ ገብስ ልታስፈጭ ሁለተኛ ተሰልፋ ኖሮ፣ ከወደ ኋላ ጮኸች። «ጠይባ አልተገኘችም ይባላል እንዴ! ያቻትና፣ ሳህን ታቅፋ በር ላይ የቆመችው! ጧትም ይሄ ነገር ሲያብድ ያዳነችው እሷ ናት፣ በመድኃኔዓለም!» ሰው ሁሉ ዞረ። ጠይባ ስድስት ባለ አበባ ሳህን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ የምትሄድበት አጥታ ቆመች። ታደለ መጥቶ ሳህኖቹን ተቀበላት። ነጭ ቅንድቡ ሥር ዓይኑ ይስቃል።

ወይዘሮ ብርሀንነሽ ሰማያዊውን ፋይል ከፈቱና ፎርሙን አወጡ። ቀስ ብለው አነበቡት፣ ገልብጠው ጀርባውን አዩ፣ መለሱት። «እዚህ ላይ ሙሐሲን አሕመድኑር ብቻ ነው ያለው። ማሽኑ የሚያውቃትን ልጅ ፎርሙ አያውቃትም ሐጂ።»

«ቦታው ጠቦ ነው» አሉ ሐጂ።

ወይዘሮ ብርሀንነሽ በእስክሪብቶ ጫፍ ቆጠሩ። «አምስት መስመር አለው።»

ሐጂ ወደ ልጃቸው አዩ፣ ልጃቸው ወደ ጠይባ፣ ጠይባ ወደ መሬት። ስትስቅ እንዳትታይ ነው። መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው ሙሐሲን ነበር። ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ፣ ፎርሙን ከሴትዮዋ እጅ በሁለት እጁ ተቀበለ፣ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሁለተኛው መስመር ላይ ጻፈ። «ፎልደሩንም ብላኝ ነበር» አለ ለማንም ሳይሆን። «ጠይባ ሰዒድ።»

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ ወይዘሮ ብርሀንነሽ። «ጠይባ ሰዒድ የምትባል ልብስ ሰፊ መዝገቤ ላይ አለች። ሁለት አንድ ዓይነት ስም ከሆነ ኋላ ሼዱ ለሷ ይሄድና መከራችሁን ታያላችሁ። የአያት ስም ጨምር።»

ሙሐሲን በአባቷ በኩል ያለውን አያቷን አያውቅም። ጠይባ ልትናገር ስትል ሐጂ ቀደሟት። «በላይ» አሉ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ጠይባ ሰዒድ በላይ። አያቷ በላይ ደግ ሰው ነበሩ፣ አላህ ይማራቸው። ይሄን ወፍጮ ስተክል ድንጋዩን ከወግዲ ያመጡልኝ እሳቸው ናቸው።» ጠይባ ይህን ሰምታ አታውቅም። እሷ ያን ቤት በኖረችበት ዘጠኝ ዓመት ሐጂ ስለ አባቷ ወገን አንድ ቃል ተንፍሰው አያውቁም። ቀና ብላ አየቻቸው፤ እሳቸው ግን የጀለቢያቸውን ዱቄት ሲያራግፉ ነበር።

የቀረው ቀላል ነበር። ጠይባ ፎልደሩን ገለበጠች፣ ሙሐሲን አገጣጥም አለ፣ ሃያ ደቂቃ ተጠበቀ፤ በሃያው ደቂቃ ዶሮው ተበላ። ወይዘሮ ብርሀንነሽ ሠላሳዋን ቁጥር በዓይናቸው አይተው ፎርሙ ላይ ፈረሙ፤ የሼዱን ቁልፍ ሰኞ መጥታችሁ ትረከባላችሁ አሉ። ሲወጡ በሩ ላይ ዞር ብለው አንድ ነገር ጨመሩ። ወፍጮው ለሶላትና ለምሳ ሲቆም ሰሌዳው ‹እረፍት› ብሎ ቢያበራ ሰው እንዳይጨቃጨቅ ጥሩ ነበር። «ይሆናል» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

አሥር ሰዓት ላይ ገበያው ተፈታ፣ አህዮቹ ወጡ። ሙሐሲን ሳህን ሊመልስ ሄደ፤ ማንም ሳይልከው። ጠይባ የሚዛን ክፍሉ ውስጥ የእረፍቱን መብራት መጻፍ ጀምራ ነበር። ሐጂ ገቡ። ገብስ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ደጎሎ ላይ የገብስ ዋጋ መውረዱን ነገሯት። ዘንድሮ ዝናቡ ዘግይቷል አሉ። እሷ ትጽፋለች፣ እሳቸው ጣሪያውን ያያሉ።

«ጠይባ።»

«አቤት አጎቴ።»

«ያ ዕቃ… የኔም ስም ይገባበት ይሆን?»

እጇን ከቁልፉ አነሳች። «ይገባል። ምን ሊያደርጉበት?»

«ምንም። እንዲያው ስጠፋ እኔንም ‹አልተገኙም› ይለኝ እንደሆነ ብዬ ነው።»

ጠይባ ከንፈሯን ነከሰች። «ይላል። ግን ውስጡ ሥራ ከሌለ የሚጠራዎት የለም አጎቴ። ካልተጠሩ ደግሞ መጥፋትዎን ማን ያውቃል?»

ሐጂ ይህን ትንሽ አሰላሰሉት። ከንግድ ጋር ያመዛዘኑት ይመስል አንገታቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያ ሥራ ስጪኝ።»

ስክሪኑን አየችው። የእረፍቱ ክፍል ባዶ ፋይል ሆኖ ከፊቷ ተዘርግቷል፤ የሷም የሙሐሲንም አይደለም፣ ሁለቱም ይጠሩታል። «ይሄ አለ» አለች። «ይሄ ሲበራ የኔም የሙሐሲንም ቆጣሪ ይቆማል። እስኪጠፋ ድረስ ማንም አይንቀሳቀስም።»

«ሁሉን ያቆማል?»

«ሁሉን።»

የሐጂ ፊት በራ። ከጧት ጀምሮ መጀመሪያ የሳቁት ያን ጊዜ ነው። «እሱስ ለኔ ይሆናል» አሉና ተነስተው ከጀርባዋ ቆሙ። ጠይባ አዲስ ላይብረሪ ከፈተች፣ ስማቸውን በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመረች። ሐጂ ላቲኑን ማንበብ ባይችሉም ፊደሎቹን አንድ በአንድ በዓይናቸው ቆጠሩ፤ አንሰውባቸው ነው መሰለኝ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አሉ።

«‹ሐጂ› የምትለዋ እንዳትቀር፣ አደራ» አሏት።